አዴ ወርቄ ተጠርተዋል?

ባለፈው ሰኞ ከቢሯችን በላይ ያለውን ፎቅ የሚያድሱ ሠራተኞች ወለሉን በመዶሻ መቀጥቀጥ ጀመሩ። ዷ! ዷ! ሁለተኛው ምት ሳያልቅ እጄ በራሱ ጊዜ ሄዶ የምጽፈውን ፕሮግራም ሴቭ አደረገው። አጠገቤ የሚቀመጠው አቤል አይቶኝ በሳቅ ፈነዳ። አቤል የደሴ ልጅ ነው፤ በመጀመሪያ ደመወዙ፣ በተነካ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ኪቦርድ ገዝቶ ጆሯችንን ያደነቆረን እሱ ነው።

«ምነው፣ መብራት ሊሄድ መሰለሽ?» አለኝ።

«ወፍጮው ሊነሳ መስሎኝ» አልኩት። ምንም አልገባውም። እኔ ግን የሞቀ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣብኝና ለምሳ እስክንወጣ ሥራ የሚባል ነገር አልሠራሁም።

ያደግኩት ቡራዩ፣ ከኦቦ ቶሎሳ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከወፍጮው በላይ በጣውላ ደረጃ የሚወጣበት ሰፊ ክፍል ነበር፤ ድሮ ጆንያ ይከማችበት የነበረ። ቲቸር ጫልቱ ያን ክፍል ተከራይታ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፈተችበት። ጀርባቸው ያበጠ ነጫጭ ሞኒተሮች እናቷ በሠሩት ዳንቴል ተሸፍነው ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። የኪቦርዶቹ ፊደል ተፍቆ ስላለቀ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪፕቶ ጽፋበታለች። ዱቄቱ በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ሁሉ ነገር ላይ ያርፋል። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራችን ኪቦርዶቹን ገልብጦ በቀለም ቡሩሽ ማራገፍ ነበር። እናቴ ፀጉሬን እያየች «ኧረ በማርያም፣ ኮምፒውተር ነው ወይስ ወፍጮ የምትማሪው?» ትለኝ ነበር።

ሞተሩ ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ለአፍታ ይፈዛል፤ የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ድርግም ይላሉ። ስለዚህ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ጉታ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በረጅም እንጨት ጣሪያውን፣ ማለትም የእኛን ወለል፣ ሁለቴ ይመታልናል። ዷ! ዷ! ቲቸር «ሴቭ!» ብላ ትጮኻለች፤ ክፍሉ በሙሉ እንደ አንድ እጅ ቁልፉን ይጫናል። ያልሰማ ጉዱ ፈላ። አንድ ቀን ስንት ሰዓት የለፋሁበት ሥዕል ከዓይኔ ላይ ጠፍቶ እዬዬ ብዬ ሳለቅስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «በይ አሁን ሁለተኛውን ሥሪ፣ ከመጀመሪያው ይበልጣል» አለችኝ። ተናድጄ ሠራሁት። እውነትም በለጠ።

ቲቸር ጫልቱ የመናገሻ ገበሬ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ እርሳስ የምትፈልግ። አዲስ አበባ ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ መቅረት ስትችል ለምን ወደኛ እንደመጣች ስንጠይቃት «ታክሲ ወረፋ ሰልችቶኝ» ብላ ትስቃለች። እስከ ዛሬ እንደ እሷ ያለ አስተማሪ አላየሁም። ሌላው አስተማሪ ሲሳሳቱ ይቆጣል፤ እሷ እጇን ታፋትጋለች። አንዳችን ያዘዝነው ነገር እንቢ ሲለን «ጎሽ! ተበላሸ!» ብላ ወንበር ጎትታ ትቀመጥና፣ «እስኪ ንገሪኝ፣ ምን ብለሽው ምን አደረገ?» ትላለች። መናገር ስንጀምር ግማሹን ጊዜ ስህተቱን ራሳችን እናገኘዋለን። እሷ ያን ጊዜ ምንም እንዳላደረገች ሁሉ ተነስታ ትሄዳለች።

አንድ ዓመት አዝመራ ሲገባ ኦቦ ቶሎሳ ክፍሉን ለእህል ማከማቻ ፈለጉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ያሉት ያሉት ነው። እንደውም ባዶ ጆንያዎቻቸውን ደረጃችን ላይ መከመር ጀምረው ነበር። ያ ክፍል ከተዘጋ ቡራዩ ውስጥ ሌላ የሚያስተምረን አልነበረም፤ ቲቸርም ዕቃዋን ሸክፋ አዲስ አበባ መግባቷ ነው። እኔ ምግብ አልበላ ብዬ እናቴን አስጨነቅኳት።

ቲቸር ግን አላለቀሰችም። አንድ ሙሉ ቀን ወርዳ ወፍጮው በር ላይ ቆማ ዋለች። እዚያ ጠዋት ማታ ጭቅጭቅ ነበር፤ «እኔ ቀድሜያለሁ»፣ «አህያዬን ላስር ሄጄ ነው»፣ «ጆንያዬን ማን ገፋው?» ኦቦ ቶሎሳ ሲገላግሉ ነው የሚውሉት። ማምሻውን «ኦቦ፣ ጭቅጭቁን ባስቀርልዎት ክፍሉን ይተዉልኛል?» አለቻቸው። ሳቁባት። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «እስኪ እናያለን» አሉ።

ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ነች፤ እኛ ደግሞ ድምፅ ሰጠን። እኔ ቁጥሮቹን በአማርኛ አነበብኩ፣ እሷ በኦሮምኛ። የመጣ ሰው ሁሉ በር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይወስዳል፤ ጉታ አንዱን ጨርሶ ጣሪያውን አንዴ ሲመታ እኛ ፎቅ ላይ ሆነን ቁልፍ እንጫናለን፤ ታች የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ «ተራ ቁጥር አንድ፣ ለኮፍሳ ቶኮ» ብሎ ይጣራል። ስንት ካርቶን እንደተወሰደ ስለምንነግረው፣ ሁሉም ሲያልቅ «የዛሬ ተራ አልቋል፣ እናመሰግናለን» ይላል። ስንሞክረው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁጥሮች በኔ ድምፅ ሲወጡ በሳቅ እየፈረስን፣ እያጨበጨብን፣ ደስ ብሎን አቆምን። እስከ መጨረሻው የጠበቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ሆነ። አጀብ የሚያሰኝ ነበር! ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ካርቶኑን ይዞ እንደ ጨዋ ተቀምጧል፤ ድምፁ ሲጠራው ይነሳል፤ ጭቅጭቅ የለም። ኦቦ ቶሎሳ ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ተቀመጡ። ወደ ማታ ድምፄ «የዛሬ ተራ አልቋል» አለ፤ ጉታ ሞተሩን አጠፋ፤ እኛ ፎቅ ላይ ተቃቅፈን ጨፈርን።

ኦቦ ቶሎሳ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ጥጉ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው አገኙ። አዴ ወርቄ ነበሩ፤ ከመናገሻ በኩል አህያ እየነዱ የሚመጡ። ጆንያቸው አጠገባቸው፣ ካርቶኑ እጃቸው ላይ። ልጃቸው አራስ ናት፤ ገብሱ ለገንፎዋ ነው።

«አዴ፣ ማል ታኤ? ምን ሆነው ነው?» አሏቸው ኦቦ ቶሎሳ።

«ምንም አልሆንኩ። ያቺ ልጅ እስክትጠራኝ ነው» አሉ አዴ ወርቄ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው እያመለከቱ።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

ኦቦ ቶሎሳ ደማቸው ፈላ። «ይሄ ነው ጭቅጭቅ ማስቀረት? ሰው መርሳት?» ብለው ጮኹ። ከኛ አንዱ ፈጠን ብሎ «ኦቦ፣ እላይ ስንሞክረው ሲሠራ ነበር እኮ» አለ። ይቺን ሰበብ ዛሬ በሙያው ውስጥ ያለን ሁሉ በየቀኑ እንሰማታለን፣ እንናገራታለንም። ቲቸር ጫልቱ ግን ዞር ብላ፣ «እላይ መሥራቱ ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው ያሉት ታች ነው» አለችው። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ኦቦ፣ ማሽኑ ያልኩትን ነው የሠራው። አሳስቼ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች።

በመብራቱም አላመካኘች፣ የኛንም ስም አላነሳች። ጉታን ሞተሩን እንዲያስነሳ ለምና፣ የአዴ ወርቄን ገብስ ራሷ ተሸክማ ወፍጮው ውስጥ አፈሰሰች፤ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆነ። ዱቄቱን አህያው ላይ ጭና እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው። ስትመለስ ላይ ወጥታ ሁላችንን ሰበሰበችን። ተኮራምተን ቁጣ ስንጠብቅ እጇን አፋተገች።

«ጎሽ! ተበላሸ! በሉ ኑ፣ ምን ብዬው ምን አደረገ?»

አብረን ፈለግነው። ማሽኑ መቁጠር የሚጀምረው ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ነው፤ እሷ ያንን አስባ አንድ ቀድሞ እንዲያቆም አዛዋለች፤ ካርቶኖቻችን ግን የሚጀምሩት ከአንድ ነው፤ በየቀኑ መጨረሻ የሚመጣው ሰው ይቀራል ማለት ነው። አንዲት ምልክት ብቻ ነበረች የተስተካከለችው። «የፊተኞቹንማ ማንም ይጠራቸዋል» አለች ቲቸር፣ ፊቷን ሳትታጠብ። «ከዛሬ ጀምሮ ስንሞክር ከመጨረሻው ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ አንድ ቅዳሜ ጨመሩልን፤ አንድ ብቻ። ቲቸር መናገሻ ድረስ ሄዳ አዴ ወርቄን ተመልሰው መጥተው መጨረሻ ላይ እንዲሰለፉ ለመነቻቸው። «ደግሞ ልትረሱኝ?» ብለው ሳቁ፤ መጡ ግን። ያን ቀን ሰው አዘነላቸውና «እማማ፣ ይቅደሙ» ሲላቸው «ተዉኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይሉ ነበር። ጥጋቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ዋሉ። ወደ ማታ ከሳቸው በፊት ያለችው ሴት ዱቄቷን ይዛ ወጣች። ጉታ ጣሪያውን መታ። ቁልፉን የተጫነችው ቲቸር ራሷ ናት። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና የሳቸውን ቁጥር ጠራ።

«አቤት!» አሉ አዴ ወርቄ፣ ሰው እንደጠራው ሰው። «አቤት፣ መጣሁ!»

ታች ያለው ሰው በሙሉ አጨበጨበ። ኦቦ ቶሎሳ ተነስተው ደረጃችን ላይ የከመሯቸውን ጆንያዎች አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ።

ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ከዚያ ክፍል አልጠፋሁም። አሁን ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ መንገድ አልፎበታል። ቲቸር ጫልቱ አግብታ ሱሉልታ ናት፤ አሁንም ታስተምራለች። ለበዓል ስደውልላት ስለ ደመወዜም ስለ መኪናም አትጠይቀኝም። «አዴ ወርቄ ተጠርተዋል?» ትለኛለች። ነፍሳቸውን ይማረውና አዴ ወርቄ ካረፉ ቆይተዋል። የምትጠይቀኝ ስለ ሥራዬ ነው።

ይህን ሁሉ ያን ሰኞ ምሳ ላይ ለአቤል ነገርኩት። እየሳቀ ሰማኝ፤ የረሳው መስሎኝ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ለአንድ ክሊኒክ የሠራውን የቀጠሮ ፕሮግራም ለአለቃችን አሳየ፤ ሁሉ ነገር ሠራ፣ ተመሰገነ። እንደ ዓርብ ልማዳችን ኮሪደሩ ላይ ያለውን ጆተኒ ከበን ስንጠራው ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ።

«ቀጥሉ፤ አዴ ወርቄን ልጥራና እመጣለሁ» አለ።

ከጓደኞቻችን ማንም ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም። ያ ኪቦርዱ ቀጭ ቀጭ ሲል ቆየና ጸጥ አለ። ከዚያ «ወይኔ!» ሲል ሰማሁት።

ጆተኒውን ጥዬ ሄድኩ። ሳላስበው እጄን እያፋተግኩ ነበር።

«ጎሽ! ተበላሸ!» አልኩት፤ ወንበር ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እስኪ ንገረኝ፣ ምን ብለኸው ምን አደረገ?»