የእናቴ የኦፓል ቀለበት

እናትና አባቴ ለመቁረብ የወሰኑት እኔ ደባርቅ በአስተማሪነት በተቀጠርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። አርባ ዓመት ገደማ አብረው ኖረዋል፤ እናቴ ግን ጣቷ ላይ ቀለበት ገብቶ አያውቅም። አባቴ ከዳባት ወጣ ብሎ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ቤት ስሄድ ከበረት ጀርባ ወሰደኝና፣ «ለእናትሽ ቀለበት ልገዛላት ነው። ድንጋይ ያለበት። ጎንደር ይዘሽኝ ሂጂ፤ ለእሷ ትንፍሽ እንዳትይ» አለኝ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። በሚኒባስ ወረድን። ወርቅ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ባለቤቱ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ። አባቴ ወንበር ሳይቀበል መስታወቱ ላይ አጎንብሶ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ አንድ በአንድ አየ።

«ይኸ አልማዝ ነው?»

«አይደለም አባቴ፤ ሰው ሠራሽ ነው። አልማዝ እኔ ዘንድ አያገኙም። ግን አቆራረጡ የአልማዝ ነው። ቁርጡን ይዩት።»

አባቴ ቀና አለ። «በጾም ስለ ቁርጥ ታወራኛለህ?»

ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ድንጋዩን በወረንጦ አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደውና አስረዳን። ክብ፣ ሞላላ፣ አራት ማዕዘን የሚባለው የድንጋዩ ቅርጽ ነው፤ ቁርጥ የሚባለው ግን ጥቃቅን ገጾቹ የተሞረዱበት ልክ ነው። በደንብ የተቆረጠ ድንጋይ ከላይ የገባበትን ብርሃን ወደ ዓይን ይመልሰዋል፤ ከልክ በላይ ጠልቆ ወይም ሳስቶ ከተቆረጠ ብርሃኑ በታች ያመልጣል።

«እንደሚያፈስ እንስራ በለኛ» አለ አባቴ። ገባው። ካራት ላይ ግን ተጣሉ ማለት ይቻላል። ወርቁ አሥራ ስምንት ካራት፣ ድንጋዩ ሁለት ካራት ነው ሲባል፣ ድንጋዩ የረከሰ መሰለው።

«የወርቅ ካራት ጥራቱን ነው የሚናገር፤ የድንጋይ ካራት ክብደቱን ነው» አለ ሰውዬው።

«ታዲያ ምነው ሁለቱን ባንድ ስም ጠራችኋቸው? ገዢ እንዲደናገር ነው?»

በመጨረሻ ዓይኑን የያዘው ምንም ገጽ የሌለው፣ ከላይ እንደ ጉልላት ድቡልቡል ያለ ነጭ ድንጋይ ነበር። ሲያዘነብሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እሳት በውስጡ ይሮጣል። ያኔ ወሬው በየቦታው የነበረው የወሎ ኦፓል ነው። አባቴ ብዙ አገላበጠው። «አገራችን የወጣ ነው? በቃ፣ ይኸ ይሁን» አለ።

ቀለበቱ ሲጠቀለል አባቴ ውጭ ከአንድ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ጋር ሰላምታ ይዞ ነበር። ባለ ሱቁ ለእኔ፣ «ውሃ አታስነኩት። ይህ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ቀናት ቆይቶ እስኪደርቅም አይመለስ» አለኝ። እሺ አልኩት። አባቴ ግን መንገዱን ሁሉ የእናቴን ጣት ውፍረት በክር እንዴት እንደለካ ሲያጫውተኝ ሳቄን እየሳቅሁ ረሳሁት።

አባቴ ቀለበቱን የዚያኑ ዕለት ሰጣት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ስገባ እናቴ ግራ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣለች። አባቴ ወደ ማሳ እስኪሄድ ጠበቀችና አሳየችኝ። ድንጋዩ ልክ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጠርቷል። አንዲት የቀለም ፍንጣሪ የለበትም።

«ወንዝ ወርጄ ልብስ ባጠብሁ እንዲህ ሆነ። አባትሽን አታለውታል። አደራ እንዳትነግሪው፤ እንዲያ ደስ ብሎት አምጥቶልኝ…» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ፊቴ ጋለ። «አላታለሉትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት፤ የረሳሁትንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀለበቱን አውልቃ መዳፌ ላይ አኖረችው። «ስንት ቀን ነው የሚደርቅ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

አባቴ ሲመለስ ቀለበቱን እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አኑረን ቆመን ነበር። ለእሱም ተናዘዝኩ። ሰማኝና ወደ እናቴ ዞረ።

«እኔኮ ወንዝ በወረድሽ በማግስቱ ነው ያየሁት።»

«አይተህ ዝም አልህ?»

«አንቺ ስትደብቂው ምን ልበል? ያወቅሁ እንደሆነ የምታፍሪ መሰለኝ። ጾሙ ሲፈታ ጎንደር ወርጄ በሌላ ልለውጥልሽ አስቤ ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። አባቴ የሚይዘው ጠፍቶት ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። እነሱ እኔ ፊት እንዲህ ሲተያዩ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ድንጋዩ ለመድረቅ ሰባት ቀን ፈጀበት። መጀመሪያ እንደ አሬራ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ በአንድ ወገኑ አረንጓዴ ፈነጠቀ፤ ቀዩ መጨረሻ መጣ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ደባርቅ ማስተማር ላይ ነበርኩ። አባቴ ማለዳ ማለዳ ከበሬዎቹ በፊት እሱን ያይ ነበር አለችኝ።

ፋሲካ እንዳለፈ ቆረቡ። ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሲወርዱ አባቴ ክንዷን ይዟት ነበር፤ ደረጃው ካለቀም በኋላ አልለቀቃትም።

እሱ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን የጌጥ ሱቅ መስታወት ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ ልገዛም አይደለም። አጠገቤ አጎንብሶ ሻጩን የሚያፋጥጥ ሽማግሌ ድምፅ እየናፈቀኝ ነው።