የትርንጎ ድምፅ የሌለባቸው ቪዲዮዎች

ጠዋት ደውለው «ትርንጎ አረፈች» ሲሉኝ «የቷ ትርንጎ?» ነው ያልኩት። እንጅባራ ውስጥ ሌላ ትርንጎ ፈለግሁ። የማላውቃት አንዲት ትሁንልኝ ብዬ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የኛዋ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቪዲዮ ቤት አብራኝ የምትሠራው። ከትናንት ወዲያ ራሴን አመመኝ ብላ ቀደም ብላ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጃኬቷ አሁንም ወንበሯ ላይ ነው፤ ላነሳው አልደፈርኩም።

ለማታውቋት፦ የቆሰበርን፣ የእንጅባራችንን ሰው ሠርግና ክርስትና የምትቀርጸው፣ የድሮ ካሴቱንም ወደ ስልክ የምትገለብጠው እሷ ነበረች። እኔ ሥራውን ስጀምር የእህቴን ሠርግ ሙሉ ካሴቱን እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኜ፣ የሚበር ልብና ጽጌረዳ ጨማምሬ በስልክ እንዲከፈት ኮንቨርት ላደርገው ተቀመጥኩ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ዋለ። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ።

ሳቀችብኝ።

«መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዚያ ኮንቨርት አድርግ። ማንም የማያየውን ኮምፒውተሩ ለምን ይሸከማል?»

ይቺን አባባሏን ያልሰማ ደንበኛ የለንም። ጽጌረዳዬንም አጠፋችው፤ ሰው የሚፈልገው የዘመዱን ፊት ነው ብላ። ተኮራረፍን። እውነቷን ነበር።

አንድ ጊዜ ከዘንገና በኩል አንድ አባት መጡ። የሞተው ወንድማቸው በሠርግ ቀን ፈረስ ሲጋልብ የተቀረጸበት ካሴት ይዘው። ስልካቸው ላይ ቦታ የለም። ትርንጎ ቆርጣ፣ መጠኑን አሳንሳ፣ እንደምንም አስገባችላቸው። ሰውዬው በሩ ላይ እንደቆሙ ስልኩ ውስጥ ላለው ወንድማቸው በአገውኛ ማውራት ጀመሩ። አገውኛ አልሰማም፤ እሷ ትሰማለች። ምን አሉት ብላት፣ ለሱ እንጂ ላንተ አልተናገሩም አለችኝ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ እናቷ ደወሉልኝ። ያን ሁሉ ቪዲዮ ስታነሳ የኖረች ልጅ አንድ ቦታ ድምጿ አይጠፋም ብለው ነው።

«መልኳን ከእህቷ አገኘዋለሁ ልጄ። ድምጿን ከማን ላግኝ?»

እሺ እማማ፣ እፈልጋለሁ አልኳቸው።

ይኸው እየፈለግሁ ነው። የለም። ካሜራ ይዛ «ጠጋ በሉ»፣ «ሙሽራዋን አትሸፍኑብኝ» ስትል የኖረች ሴት አንዲት ቃል የላትም። ኤዲት ስታደርግ መጀመሪያ የምትቆርጠው የራሷን ድምፅ ነበር። ዲስኩ እንዳይሞላ ደግሞ ዋናውን ቅጂ ታጠፋዋለች። በስልክ እንኳ ድምፅ አትልክም ነበር፤ ኔትወርክ ይበላል ብላ ትጽፋለች እንጂ። የከፈትኩት ሁሉ ንጹሕ ነው። አቃጠለኝ ንጽሕናው።

እባካችሁ፣ ትርንጎ ስትናገር የቀረጸ ካለ ይላክልኝ። ቢንቀጠቀጥም፣ ቢጨልምም፣ ግማሽ ቃልም ቢሆን። እስካሁን የጠየቅኋቸው ሁሉ የለንም ብለውኛል።

ትርንጎዬ፣ ነገ ቀብርሽን ቅረጽ ብለውኛል። በራስሽ ካሜራ።

ልቅሶውን፣ ሳሉን፣ ንፋሱን፣ የኔንም ድምፅ፣ ምኑንም አልቆርጥም። ፋይሉ ይክበድ። የማንም ስልክ ላይ አይግባ። ላንቺ ቆርጦ ማሳነስ ሞያ ነበር፤ እኛን ግን ባዶ እጃችንን አስቀረሽን። አንዲት ቃል ብትተዪልን ምን ነበረበት?

ደህና ሁኚ እህቴ። እማማ ነገ እጄን ይዘው «አገኘህ ወይ?» ሲሉኝ ምን እንደምላቸው አንቺ ንገሪኝ።