መሪዋ በቀኝ የሆነችው መኪናችን

ባለፈው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ፤ ከሥሩ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ አለው። «የእንግሊዝ ሥሪት፣ ባለሁለት በር፣ ለረጅም መንገድ የተሠራች፣ ሃምሳ ዓመት በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየች፣ ቀለሟ ያልተነካ፣ የቆዳ ወንበሯ ያልተቀደደ» ይላል። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲወርድልኝ መጀመሪያ ጣሪያዋ፣ ቀጥሎ ያ ረጅም አፍንጫዋ፣ በመጨረሻም ክብ ክብ መብራቶቿ ብቅ አሉ፤ እኔም እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጥሁ የድሮው የቆዳና የቤንዚን ሽታዋ አፍንጫዬን ሞላው። ባለ ባጃጁ «መምህርት፣ ደርሰናል እኮ!» ባይለኝ ኖሮ የምወርድም አልነበርሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እሱ ካረፈ አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ እሷ ግን እስካሁን ዳንግላ፣ እናቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ወንድሜ እንሽጣት ማለት ከጀመረ ቆየ፤ ሆኖም እኔም ወራሽ ነኝና ካልፈረምሁ ንቅንቅ አትልም። አልፈርምም ብዬ ሙጭጭ ያልሁትም ለእናቴ ብዬ ነው። በየቅዳሜው ሸራውን ገልጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ስትወለውላት እያየሁ፣ የባሏን ማስታወሻ ከእጇ ነጥቄ ለአዲስ አበባ ሀብታም እንዴት ልስጥ? ምን ቆርጦኝ!

አባቴ በዳንግላ የታወቀ መካኒክ ነበር። መኪናዋን ያገኛት እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ መንገድ ሥራ ላይ ከነበረ እንግሊዛዊ ነው፤ ሰውዬው መንግሥት ሲለወጥ ሻንጣውን ብቻ ይዞ ሲሄድ እሷን በርካሽ ለቀቀለት። ቀለሟ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ የፊት ሰሌዳዋ የተወለወለ እንጨት፤ የኋላ ወንበሯ ግን፣ የሠሯት ሰዎች ልጅ መውለድ የሚባል ነገር ትዝ ያላቸው አይመስለኝም፣ ከአገልግል አይሰፋም ነበር። እኔና ወንድሜ ጉልበታችንን አጣጥፈን፣ አገጫችንን ጉልበታችን ላይ አስደግፈን እዚያ እንታጨቃለን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ እሷ ደግሞ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት አጭር፤ ድንጋይ በላሰች ቁጥር አባባ እሱ ራሱ የተመታ ያህል «ወይኔ!» ይላል።

ነዳጅ በኩፖን የሆነበት ዘመን ስለነበር የምንወጣው አልፎ አልፎ፣ ቆሰበር ያለችውን አክስቴን ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ቆሰበር ያልሁት እንጅባራን ነው፤ እኛ ቤት ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልገባም። ከዳንግላ ስንነሣ ጭጋጉ ገና ከማሳው ላይ አልተነሣም፤ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ የፈረስ ራስ ብቻ ብቅ ብሎ መልሶ ይጠፋል፤ ወሩ ጥቅምት ከሆነ ደግሞ ኑጉ ግራና ቀኙን ቢጫ አድርጎት፣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ እርጥብ አፈርና ባሕር ዛፍ ይሸታል። የሞተሯ ድምፅ ወንበሩን አልፎ ወገባችን ውስጥ ይገባና ዓይናችንን ያከብደዋል። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ ሳላውቀው ከብት፣ ደመና፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የእናቴ ነጠላ ጥለት እየተከታተሉ በፊቴ ያልፉ ነበር።

መሪዋ በቀኝ መሆኑን የአገሬው ሰው ከየት አውቆት? ሹፌር ማለት በግራ የሚቀመጥ ነው፤ በግራ የምትቀመጠው ደግሞ እናቴ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ስታይ መኪናው ይሄዳል። አዲስ ቅዳም ገበያ ስንደርስ ታዲያ ጉድ ነው! ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ወንዶቹ በአገውኛ እየተነጋገሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከፈረሳቸው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ በእናቴ መስኮት በኩል ቀረብ አሉና «እመቤት፣ እጅዎን ሳያነሡ የሚነዱት በጸሎት ነው?» ብለው ጠየቋት። አባባ መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እማዬ ግን ፈገግ እንኳ ሳትል «በእግዜር ፈቃድ ነው፣ አባቴ» አለቻቸው፤ እሳቸውም አገላብጠው መርቀዋት ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው ብዙም አልተሳሳቱም። ከፊታችን እህል የጫነ መኪና ሲገጥመን አባባ ከቀኝ በኩል ሆኖ የጭነቱን ጀርባ እንጂ ሌላ አያይም፤ ከፊት የሚመጣው የሚታየው ለእናቴ ነው። «ልለፍ?» ይላል። «ቆይ» ትላለች። ደግሞ «ቆይ»፤ ከዚያ ድንገት «እለፍ!» ስትል ሞተሯ አጓርታ እኛን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀናለች። እኔ ለራሴ በዓለም ላይ እንደ እነሱ የሚግባባ ባልና ሚስት የለም እል ነበር፤ ያንን «ቆይ» የሚል ድምፅ እንደ እሹሩሩ እየሰማሁ አንቀላፋለሁ። በኋላ ትዳር ስይዝና ስፈታ እንኳ የመዘንሁት በዚያ መኪና ነው።

ወንድሜ ያገኘው ገዥ የሚመጣበት ቀን ደረሰና ሽያጩን ላስቀር ከእንጅባራ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ወረድሁ። እናቴን መጋዘኑ በር ላይ ጨርቋን ይዛ አገኘኋት።

«አንቺ ልጅ፣ ለማን ብለሽ ነው የማትፈርሚው?» አለችኝ፣ ገና ጉንጬን እንደሳመችኝ።

«ላንቺ ነዋ እማዬ! የአባባ ማስታወሻ...»

«ማስታወሻ? ኧረ ወዲያ! እኔ እንደዚች መኪና የፈራሁት ነገር የለም። መሪውን የሚይዘው አባትሽ፣ የሚመጣውን የማየው እኔ። ‹እለፍ› ስል አራት ነፍስ ምላሴ ላይ ነው። እናንተ ከኋላ ታንኮራፋላችሁ፣ እኔ ጉሮሮዬ ደርቆ እመቤቴን እለምናለሁ።»

ክው አልሁ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እንዴት ብዬ? ከእሷ ሲወርድ ፊቱን አላየሽውም? የዓመት በዓል ልብስ የተገዛለት ልጅ ነበር የሚመስል።»

«በየቅዳሜው መወልወልሽስ?»

«ሞኝ! የቆሸሸ መኪና ማን ይገዛል? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ገዥ ስጠብቅ፣ አንቺ ደግሞ አልፈርምም ትያለሽ።»

ፈረምሁ። ገዥው ትሑት ወጣት ነበር፤ መኪናዋን በጭነት መኪና ላይ አስወጥቶ በገመድ ሲያስራት ቀለሟ እንዳይጫር ከገመዱ ሥር ፎጣ ያነጥፍ ነበር። መንገዱን ይዞ ሲያዘግም ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ያስለቀሰኝ ግን እሷ መሄዷ ብቻ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በሕይወቴ የምመካባቸው የደስታ ቀኖች እነዚያ ነበሩ፤ ለካ እናቴ በፍርሃት ያሳለፈቻቸው ናቸው። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ኑጉንም ጭጋጉንም ሳስብ አብሮኝ የሚመጣው የደረቀ ጉሮሮዋ ነው። እንደ ድሮው ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ።

«አንድም ቀን ደስ ብሎሽ አያውቅም?» አልኋት፣ የግቢው በር ላይ እንደቆምን።

«አንድ ቀን» አለች። «ቆሰበር ሳንደርስ፣ ጥርባ የምትባል መንደር ላይ መኪናዋ ቀጥ አለች። አባትሽ ቢላት ቢሠራት ወይ ፍንክች! ኋላ ገበሬዎቹ አራት ፈረስ አምጥተው በገመድ አሰሯት፤ መሪውን ሌላ ሰው ያዘና እኔና አባትሽ ጎን ለጎን ሆነን ከኋላዋ በእግራችን ሄድን። ቆሰበር ስንገባ ሰዉ ፈረሱንና የምታብለጨልጨዋን መኪና አይቶ ሠርግ መሰለው። እልል እያሉ ወጡና ‹ሙሽራዋ የታለች?› ሲሉ አባትሽ እጄን ይዞ ‹ይቻት!› አላቸው።»

«እኔስ? ይሄ እንዴት ትዝ አይለኝም?»

«አንቺማ ገና በሆዴ ነበርሽ። እሱም አያውቅም፤ ያን ቀን እዚያ መንገድ ላይ ነው የነገርሁት።»

«ምን አለሽ?»

እናቴ ሳቀች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ሰማንያ ዓመት እንዳልሞላት ሁሉ አፍራ ሳቀችና «እሱን ደግሞ ላንቺ አልነግርሽም» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።