ቅቤ የጠጣችው ጅረት

በእኛ የሐበሻ ማኅበር አንድ ነገር ሲቆሽሽ መጀመሪያ የሚገዛው መጥረጊያ አይደለም፤ ቲሸርት ነው። ከቲሸርቱ በፊት ደግሞ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል፣ ንዑስ ኮሚቴው በቲሸርቱ ቀለም ይጣላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ አረንጓዴ ይሆናል። «ወንዝ እናጽዳ» የተባለ ጊዜም እንደዚሁ ሆነ።

ወንዙ ወንዝ አይደለም። በስደት በምንኖርባት በታከር ከተማ፣ ማኅበሩ ከተከራየው አዳራሽ ጀርባ የምትሄድ፣ ልጅ ተንደርድሮ የሚዘላት ጅረት ናት። ኮሚቴው ግን «ወንዛችን» አላት፤ ባነር ላይ ሲጻፍ ስለሚያምር መሰለኝ። ትሸታለች። እንዴት እንደምትሸት አልነግራችሁም፣ ምሳ እየበላችሁ ሊሆን ይችላል። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ግን እኔ አውቅ ነበር።

ያወቅኩት በፋሲካ ማግስት ነው። እናቴ የአዳራሹ ወጥ ቤት አለቃ ናት፤ እሷ ወጥ ቤቱን እስክትዘጋ እኔ መኪና ውስጥ ስልኬን እየነካካሁ እጠብቃታለሁ። ከጅረቷ ዳር ያለው የፍሳሽ ማንሆል በክዳኑ ሥር አመድማ ውሃ ይተፋል፤ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ጅረቷ። ረጅም ቱቦ የተጠመጠመበት መኪና የያዙ ሠራተኞች መጥተው ጎለጎሉ፣ ጎለጎሉና ጡብ የሚያህል ቢጫ ነገር አወጡ። አንደኛው «ቅባት ነው፤ የሆነ ሰው ድስቱን እዚህ ያጥባል» ብሎ ሳቀ። ጠጋ ብዬ አየሁት። መሀሉ የበርበሬ ቅላት ነበረው። ጎረቤቶቻችን የሴራሚክ መሸጫና የፍራሽ መጋዘን ናቸው። ፍራሽ ዶሮ ወጥ አይሠራም።

ይህንኑ ለኮሚቴው ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ወንዝ የሚያቆሽሸው ፋብሪካ ነው።»

«ጋሼ፣ የኛን ቅቤ ነው ያወጡት። አየሁት እኮ!»

«ቅቤ በፈላ ውሃ ይሄዳል። እናትሽን ጠይቂያት።»

ጭብጨባ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡላቸው።

ይሄዳል፣ አዎ። የፈላ ውሃ ቅቤን እስከ ቱቦው መታጠፊያ ድረስ ይሸኘዋል። እዚያ ውሃው ሲቀዘቅዝ ቅቤው ቱቦ ውስጥ ቤት ይሠራል። ሌላ ድግስ፣ ሌላ ቅቤ። በመጨረሻ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ መንገድ ሲያጣ በማንሆሉ ወጥቶ ጅረቷ ውስጥ ይገባል። ይህን ለመረዳት ፋብሪካ መፈለግ አያሻም፤ ፍሪጅ ከፍቶ የትናንቱን ወጥ ማየት ይበቃል።

የዘመቻው ቀን አረንጓዴው ሠራዊት ከስኮትዴል፣ ከአቮንዴል እስቴትስ፣ ከየአጎራባች ከተማው መጣ፤ ግማሹ በቆዳ ጫማ። ብዙ ከተፈለገ በኋላ አንዲት የላስቲክ ጠርሙስ ተገኘች። ጠርሙሷ የቀኑ ሙሽራ ሆነች፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ፎቶ ተነሳች። አንድ ጎልማሳ ግን ቅር አለው፤ «እስቲ መልሷት፣ እኔ ከውሃው ሳወጣት አልተነሳሁም!» አለ። መለሷት። ወደ ውሃው! ቆሻሻ በጓንት፣ በክብር ወደ ወንዝ ሲገባ ያየሁት በጽዳት ዘመቻ ላይ ነው። ከዚያ «ወንዛችንን ክሊን አደረግን» ብለው ፖስት አደረጉና ለምሳ ወደ አዳራሹ ገቡ። ጽዳቱ በዶሮ ወጥ ሊመረቅ ነዋ!

እኔ የፈራሁት ይህንን ምርቃት ነበር። እነዚያ ሕፃን የሚታጠብባቸው የሚመስሉ ድስቶች እንዳሉ ሲንክ ከገቡ፣ ማንሆሉ መልሶ መትፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ተበልቶ ሲያበቃ ሮጬ ሄጄ ሲንኩ ፊት ቆምኩ፤ እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ እንደ በረኛ። ምድጃው ላይ የድስት ማጠቢያው ውሃ እየተንፈቀፈቀ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ ትቃጠያለሽ!» አሉ አንድ እትዬ፣ ትልቁን ድስት አቅፈው።

«ድስቱ ሳይጠረግ አይገባም።»

«ኧረ ጉድ! ዘበኛ ተቀጠረብን እንዴ?»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ በጥርሶቿ መሀል «አታዋርጂኝ፣ ቤት እንገናኛለን» አለችኝ። ይህችን «ቤት እንገናኛለን» የማያውቃት የሐበሻ ልጅ የለም። እኔ ግን አልተነቃነቅኩም።

«ማሚ፣ አንድ ነገር ብቻ ላሳይሽ።»

ከድስቱ ግርጌ አንድ ጭልፋ ቅባት ቀድቼ የብረት ኩባያ ውስጥ ጨመርኩ፣ የፈላ ውሃ ቸለስኩበት፣ ለስላሳው በተቀመጠበት በረዶ ውስጥ ተከልኩት። «አስማተኛም ናት ለካ!» እያሉ ሲሳለቁብኝ ቆዩ። ቆይቼ ኩባያውን አወጣሁና ከነውሃው ሲንኩ ላይ ገለበጥኩት። ጠብ የሚል የለም። ቅቤው ረግቶ የኩባያውን አፍ ደፍኖታል።

እትዬ በጣታቸው የረጋውን መታ መታ አደረጉት። «እንዴ! በሩን ዘጋው!»

እናቴ ምድጃውን አጠፋች፣ የተረፈውን እንጀራ ሳበች፣ ትልቁን ድስት መጥረግ ጀመረች።

ከዚያማ ድግሱ እንደ አዲስ ተጀመረ። ድስት ጥራጊ የሚጠላ ማን አለ? በእንጀራ ያልተነሳውን በማንኪያ እየፋቅን ባዶ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከተትን።

«ድስት የጠረገች ልጅ በሰርጓ ቀን ይዘንብባታል!» አሉኝ እትዬ።

«ይዝነባ!» አልኩ፣ ጉንጬ እንደሞላ።

ሊቀመንበሩ ሳቁን ሰምተው ገቡ፤ ወዲያው ስልካቸውን አወጡ። «ቆዩ፣ ቆዩ፣ ይሄ የኮሚቴያችን አዲስ…»

«ጋሼ፣ እጅዎን ይታጠቡና ያቺን ድስት ይያዙልኝ» አለች እናቴ፣ በትሕትና፣ ግን ድስቷን እያስታቀፈቻቸው። ያዙ። እስከ ክርናቸው ገብተው ጠረጉ። ያለ አጀንዳ ሥራ ሲሠሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጅረቷ በአንድ ቀን ሽታዋን አልተወችም፤ ተአምር አልሠራሁም። ድስቶቹ በሳሙና ታጥበው ሲያልቁ ግን እናቴ «ነይ፣ ይተፋ እንደሆነ እንይ» አለችኝና ወደ ማንሆሉ ወጣን። እትዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አሉ።

«ቧንቧውን ከፍቼዋለሁ! ወጣ?»

እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለች፣ ክዳኑን ዙሪያውን አየች።

«አልወጣም!»

«ቆይ፣ ሁለቱንም ልልቀቃቸው… አሁንስ?»

ክዳኑ ደረቅ ነበር። እናቴ ለድምፅዋ የምትጠነቀቅ ሴት ናት፤ ስልክ እንኳ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ያን ጊዜ ግን ቀና ብላ፣ በመጋዘኖቹ መሀል፣ ከፍራሽ ቤቱ ሰው ብቅ እስኪል ድረስ ጮኸች።

«አልወጣም አልኩ እኮ! አልወጣም!»