ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ደብተር

ባለፈው አርብ ሰልማ እዚህ ሱዳን፣ አርካዊት ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች። እናቷ የአገሬ ልጅ፣ አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታጠናለች። «ኻሉ፣ ሰኞ ፈተና አለኝ። ያላ፣ ጠይቀኝ» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ኻሉ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ ዝምድና የለንም፣ ስደት አዛመደን እንጂ። ወረቀቱ ላይ ተከሳሽ፣ ዋስትና፣ የእስር ማዘዣ፣ ቃለ መሐላ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ተደርድረዋል። አንዱንም አልረሳሁም። ለካ ሰው የሚጠላውንም ነገር በቃሉ ይይዛል።

እነዚያን ቃላት የተማርኩት በወጣትነቴ፣ እዚሁ ከተማ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ለአምስት በተከራየናት ክፍል ነው። ቀን ብሎኬት እንሸከማለን፤ ስንመለስ ፉላችንን በሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት በልተን ደብተሩን እንዘረጋለን። የመጀመሪያ ባለቤቱ አይታወቅም። ሙቃበላ፣ ማለትም የስደተኞች ቢሮ ቃለ መጠይቅ፣ የደረሰው ሁሉ ከእሱ ያጠናል። የተሳካለት ደግሞ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር ጨምሮበት ለሚቀጥለው ያወርሳል። ገጾቹ በላብና በአቧራ ቀልተው ነበር፤ እኛ ግን እንደ ዳዊት ነበር የምንይዘው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተማሪ ተባልኩ፤ ልቤም አበጠ።

ደሳለኝ ከጎኔ የሚተኛ ልጅ ነበር። አገር ቤት ክስ ሳይመሠረትበት ለወራት ታስሮ ተደብድቧል። ሙቃበላውን ካለፈ የስደተኛ ወረቀት ያገኛል፤ ከወደቀ ፖሊስ አፍሶት ወደዚያው አገር ሊመልሰው ይችላል። ሳምንት ሲቀረው ታሪኩን እንዲነግረኝ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ ቀን ጠባቂው ጫማዬን ወሰደው» አለኝ። «ሊመታኝ ሲመጣ አድርጎት ነው የሚመጣው። ዓይኔ ታስሯል፤ ግን የራሴ ጫማ በኮሪደሩ ሲመጣ እሰማለሁ። የአንዱ ተረከዝ ላላ ያለ ነበር፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ከዚያ በሩ ይከፈታል።»

«ተው እባክህ፣ ጫማ ምን ያደርግላቸዋል? ደብተሩ ላይ ያለውን በል።»

«አስተርጓሚ አለ አሉ እኮ። በአማርኛ ብነግራቸውስ?»

«በአማርኛማ ማንም ያወራል» አልኩት።

እናም «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዤ ኢሰብአዊ አያያዝ ተፈጸመብኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳምንቱን ሙሉ አስጠናሁት። ብሎኬት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ያነበንበው ነበር።

የሙቃበላው ዕለት ሀቡብ ተነስቶ ከተማው በአቧራ ተሸፍኗል። አፌን በሻሽ ሸፍኜ ከቢሮው ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር ጠበቅኩት። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሴትዮዋ ደህና ሰው ናት» አለ። «አንድ ጠባቂ ነው የሚመታኝ ስላት፣ ‹ዓይንህ ከታሰረ፣ ሁልጊዜ የሚመታህ አንድ ሰው መሆኑን በምን አወቅህ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ደብተሩ ላይ ያለውን ደገምኩላት። ጫማውን ልነግራት ነበር፤ አንተ ተው ስላልከኝ ተውኩት።»

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ። የሰጠኸው ቃል ሌሎች ብዙ አመልካቾች ከሰጡት ጋር ቃል በቃል ስለሚመሳሰል አልታመነም ይላል። አንብቤ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብርዱ ሲገባ ኦምዱርማን ሄዶ ወደ ሊቢያ በሚሻገር ፒካፕ ተሳፈረ። «ስደርስ እደውላለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። አልደወለም። ስንት ዓመት ሙሉ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል የያዝኩትን ጥዬ አነሳ ነበር። በደብተሩ ከሰል አቀጣጠልኩ፤ የክፍሉ ልጆች ለረጅም ጊዜ አኮረፉኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ደግሞ በሌላ ሰው አፍ ነበር የወጣው። ያ ልጅ ከሁላችንም የሚበልጥ ማስረጃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እኔ በትልልቅ ቃላት ሸፈንኩበት።

ይህን ሁሉ ለሰልማ ነገርኳት። ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠች።

«ኻሉ» አለችኝ፣ «ጫማው ምን ዓይነት ነበር? ቀለሙስ?»

ይቺ ልጅ ጥሩ ጠበቃ ይወጣታል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተኝቼ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።