የእንጨቱ ጉንጭ

ሰውየው የሚመጣው ጎብኚው ሲሳሳ ነው። ናራ ከተማ ያለው የቡድሃ መቅደስ የታወቀባቸውን የጥንት የእንጨት ሐውልቶች ለማየት ወደ ውስጥ ዘልቆ አያውቅም። እነዚያን ማንም አይነካም። ደጃፉ ላይ የተቀመጠው የእንጨት መነኩሴ ግን የሁሉም ነው፤ ጉልበቱን ያመመው ሰው የመነኩሴውን ጉልበት ያሽና በዚያው እጁ የራሱን ያሻል። ጉልበቱና ወገቡ በመታሸት ብዛት ያብረቀርቃሉ።

ይኼ ሰው የሚያሸው የመነኩሴውን ግራ ጉንጭ ብቻ ነው። ነጭ ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ግን መርፌ ባልለመደ እጅ በጥቁር ክር ተተብትቧል። አንገቱን ደፍቶ ይቀርብና ጉንጩን የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ አድርጎ ይዳብሳል። ከዚያ የራሱን ሳይነካ መዳፉን ኪሱ ይከታል።

ደረጃውን የምትጠርገው ኪኑዬ ዛሬ አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ ጥርስዎን ነው አይደል? የራስዎን ጉንጭ ካልነኩ እኮ ምንም አይሻልዎትም" አለችው፣ ሰው እንዲሰማላት ድምጿን ከፍ አድርጋ። ጫማቸውን የሚያጠልቁ ሁለት አሮጊቶች ሳቁ።

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ።

"ጉንጩ የእኔ አይደለም" አለ መሬት መሬቱን እያየ።

"ታዲያ የማን ነው?"

"የባለቤቴ ነው። የእኔስ ያረፈበት እጅ ነው።"

አሮጊቶቹ ወደ ጫማቸው ጎነበሱ። ኪኑዬ ጠርጋ የጨረሰችውን ደረጃ እንደገና መጥረግ ጀመረች። ሰውየው ጉንጩን የዳበሰበትን እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ጫማውን እንኳን በአንድ እጁ አጥልቆ ወጣ።