ጠፍቷል ያልኩት መጽሐፍ

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች የበዓል ልብሷን አስቀርተን በስልክ የሚነበብ የሒሳብ መጽሐፍ ገዛንላት። ስልኩ የእኔ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሰጣትና ታነባለች።

አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ አብራኝ የምትኖር ጎረቤቴ የወሎ ሴት ናት። የእሷም ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ መጣችና፣

«እህቴ፣ ያንን የሒሳብ መጽሐፍ ለልጄ ሼር አድርጊላት እስቲ» አለችኝ።

ቃሉ አስደነገጠኝ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሼር ሲባል የማውቀው ሰዎች ተካፍለው የሚገዙትን የባንክ ድርሻ ነው። መጽሐፉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከስልኬ የሚወጣ መሰለኝ።

«ውይ፣ ጠፍቷል እኮ! ስነካካ አጠፋሁት።»

«አንቺ ደግሞ! ጣትሽ ለበርበሬ እንጂ ለስልክ አልተፈጠረም» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልጄ ስትመጣ ነገርኳት።

«እማ፣ ቢላክም እኮ እኛ ጋ ይቀራል። ምንም አይጎድልም። ልላክላት?»

እስከዚያ ድረስ አለማወቄ ነው ልል እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አውቄያለሁ። «ቆይ፣ ፈተናው ይለፍ» አልኳት። ሁለቱ ልጆች አንድ የዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚሻሙ መስሎኝ ፈራሁ። የገዛሁትን የመስጠት ግዴታ የለብኝም እያልኩም ራሴን አጽናናሁ። ምናልባት የለብኝም ይሆናል። ውሸቱን ግን ማን አስገደደኝ?

ከሳምንት በኋላ በእኔው ስልክ ለልጄ መልእክት መጣላት። ከጎረቤቴ ልጅ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ፦

«ዱከም የሚሠራው ወንድሜ የሒሳቡን መጽሐፍ ገዛልኝ። እናትሽ ጠፋብን ስላሉ ልኬልሻለሁ። እንዳይሳቀቁ ንገሪያቸው።»

መጽሐፉ ከመልእክቱ ሥር ነበር።

«ምን ብዬ ልመልስላት?» አለች ልጄ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

«አመስግኛት» ማለት አቃተኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። «ነይ ግቢ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

«መጽሐፉ አልጠፋም ነበር» አልኳት።

ልጇ በውስጠኛው ክፍል እያጠናች ነበር። ጎረቤቴ ተነሣችና፣ ልጅቷ እንዳትሰማ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።